አሮጌው ሚክሰርና ላፕቶፑ አብረው ሲሠሩ፦ ጎንደር ላለ የቤት ስቱዲዮ ዝርዝር መመሪያ

በሠርግና በመድረክ ብዙ ያገለገለ ባለ 12 ወይም ባለ 16 ቻናል ሚክሰር ቤታችሁ ካለ፣ ላፕቶፕና ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባና የሚያስወጣ ሣጥን) ስለገዛችሁ ብቻ አትሽጡት። ኮምፒውተሩ የማይችለውን ሥራ ይችላል። ኮምፒውተሩም እሱ የማይችለውን ይችላል። ሁለቱን ማገናኘት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ችግር የሚመጣው የትኛው ሥራ የማን እንደሆነ ሳይወሰን ኬብል መሰካት ሲጀመር ነው።

ጎንደር ውስጥ ለሚቀረጽ ሙዚቃ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ያስፈልጋል። አዝማሪ ሲዘፍን ማሲንቆው ድምፁን ይከተላል፣ ድምፁም ማሲንቆውን ይጠብቃል። ከታዳሚ ግጥም ይቀበላል፣ ተቀባዮች ይመልሳሉ፣ ከበሮው ሞቅ ሲል ሁሉም አብሮ ይሞቃል። ይህን ሙዚቃ ማሲንቆውን ዛሬ፣ ከበሮውን ነገ እያሉ በክሊክ (ፍጥነት በሚጠብቅ የምት ድምፅ) መቅረጽ ይቻላል። የሚወጣው ሥራ ግን ደረቅ ነው። ሰዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ እየተያዩና እየተሰማሙ መጫወት አለባቸው።

ኮምፒውተር ድምፅ ተቀብሎ፣ ወደ ቁጥር ቀይሮ፣ መልሶ በሄድፎን እስኪያሰማ ድረስ ይዘገያል። አናሎግ ሚክሰር ግን ድምፁን እንደ ኤሌክትሪክ በሽቦ ነው የሚያሳልፈው፤ ጆሮ የሚያውቀው መዘግየት የለውም። በሌላ በኩል፣ ሚክሰሩ ብቻውን ሁሉንም ደባልቆ በግራና በቀኝ ሁለት መስመር ነው የሚያወጣው። ነገ ከበሮው በዛ ብትሉ መቀነስ አይቻልም። ስለዚህ ሥራውን እንዲህ እንከፍለዋለን፦ ሚክሰሩ ያሰማል፣ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ለየብቻ ይቀርጻል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚች አንድ ውሳኔ ይነሳል።

ደረጃ 1፦ የሚክሰሩን ጀርባ እዩ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሚክሰሩ ምን ምን መውጫ እንዳለው አንድ በአንድ ጻፉ።

መጀመሪያ ዩኤስቢ። “ዩኤስቢ አለው” የሚለው ብቻ አያስተማምንም። ብዙዎቹ ባለ ዩኤስቢ ሚክሰሮች፣ ለምሳሌ የያማሃው ኤምጂ10ኤክስዩ፣ ወደ ኮምፒውተር የሚልኩት ሁለት ቻናል ብቻ ነው፤ ያውም የተደባለቀውን። እንደ ሳውንድክራፍት ሲግኔቸር 12 ኤምቲኬ ያሉት ደግሞ 14 ቻናል ለየብቻ ወደ ኮምፒውተር ይልካሉ፣ 12 ቻናል መልሰው ይቀበላሉ። የእናንተ ከእነዚህ ወገን ከሆነ ግማሹ ሥራ አልቋል፤ ድራይቨሩን ጫኑና ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

ዩኤስቢ ከሌለው ወይም ሁለት ቻናል ብቻ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ቻናል ላይ “ዳይሬክት አውት” የሚል ቀዳዳ ፈልጉ። ካለ ጥሩ፤ በቀጥታ ከእሱ ወደ ኢንተርፌሱ ትሄዳላችሁ። አንድ ነገር ግን በማኑዋሉ አረጋግጡ፦ ምልክቱ የሚወጣው ከፌደር (የድምፁን መጠን ከፍ ዝቅ ከሚያደርገው ተንሸራታች ቁልፍ) በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከፌደር በኋላ ከሆነ፣ ለሄድፎን ብላችሁ ፌደር ባወረዳችሁ ቁጥር ቀረጻውም አብሮ ይወርዳል።

ዳይሬክት አውት ከሌለ “ኢንሰርት” የሚለውን ፈልጉ። መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ብዙ ሚክሰሮች ይህ አላቸው፤ እኔም በብዛት የምመክረው ይህንን ነው። ምክንያቱን በሚቀጥለው ደረጃ እናየዋለን።

ኢንሰርትም ከሌለ ግሩፕ አውት (የተመረጡ ቻናሎች ተሰብስበው የሚወጡበት) እና ኦክስ ሴንድ (ከዋናው የተለየ ሚክስ የሚወጣበት) ይቀራሉ። ባለ አራት ግሩፕ ሚክሰር አራት የተለያየ ትራክ ይሰጣችኋል። ድምፃዊውን ግሩፕ 1፣ ማሲንቆውን ግሩፕ 2፣ ከበሮውን 3፣ የቀሩትን 4 ላይ ትመድባላችሁ። ለአነስተኛ የአዝማሪ ቡድን ይበቃል።

ከዚያ ኢንተርፌሱ። ስምንት ትራክ ለመቅረጽ ስምንት የአናሎግ መግቢያ ያለው ያስፈልጋል። የቤሪንገር ዩኤምሲ1820 እና የፎከስራይት ስካርሌት 18አይ20 በዚህ ወገን የሚታወቁ ናቸው። በስማቸው ላይ ያለው 18 ቁጥር እንዳያታልላችሁ። ከ18ቱ መግቢያ ውስጥ ስምንቱ ብቻ ናቸው አናሎግ፤ ሌላ ስምንት በአዳት ኦፕቲካል፣ ሁለት ደግሞ በዲጂታል ይመጣሉ። ባለ አራት መግቢያ ኢንተርፌስ ብቻ ከሆነ ያላችሁም መሥራት ትችላላችሁ፤ አራቱን በጥንቃቄ ምረጡ።

ደረጃ 2፦ የኢንሰርት ኬብሉን ራሳችሁ ሥሩ

ኢንሰርት አንድ ቀዳዳ ሆኖ መውጫም መግቢያም ነው። በስቴሪዮ ጃክ ጫፉ ድምፁን ያወጣል፣ መሃለኛው ቀለበት ይመልሳል፣ የታችኛው ግንድ ደግሞ ግራውንድ ነው። አንዳንድ አሮጌ ሚክሰር ላይ ጫፉና ቀለበቱ ይገለበጣሉ፤ ማኑዋሉን እዩ።

ኢንሰርት የሚወጣው ከማይክ ማጉያው በኋላ፣ በአብዛኛው ደግሞ ከኢኩላይዘሩና ከፌደሩ በፊት ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው። በቀረጻ መሃል ድምፃዊዋ “ማሲንቆው አይሰማኝም” ብትል፣ ፌደሩን ወይም ኦክሱን እንደፈለጋችሁ ከፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ ቀረጻው ንክች አይልም። ቀረጻውን የሚነካው ጌን (የማይክ ማጉያው ቁልፍ) ብቻ ነው። ብዙ ሚክሰር ላይ የሎው ከት (ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ የሚቆርጠው) ቁልፉም ከኢንሰርት በፊት ስለሆነ እሱም ይቀረጻል።

ችግሩ ምንድነው፣ ኢንሰርት ላይ ተራ ጃክ እስከ መጨረሻው ከሰካችሁ ድምፁ ወደ ኢንተርፌሱ ይሄድና ሚክሰሩ ላይ ይቋረጣል። ብዙዎች ይህን የሚያልፉት ሞኖ ጃክ ግማሽ ድረስ፣ የመጀመሪያዋ “ቀጭ” እስክትሰማ ብቻ በመስካት ነው። ለጊዜው ይሠራል። ግን ልል ነው። ሰው ኬብሉን በእግሩ ነካ ካደረገው በጥሩው ዘፈን መሃል ድምፁ ይጠፋል።

የሚያስተማምነው እንዲህ ነው። በሚክሰሩ በኩል ስቴሪዮ ጃክ፣ በኢንተርፌሱ በኩል ሞኖ ጃክ ያለው ኬብል ሥሩ። ስቴሪዮ ጃኩን ፈታችሁ የጫፉንና የቀለበቱን ምላስ በአጭር ሽቦ አገናኙና በሶልደር በይዷቸው። የኬብሉን መሃለኛ ሽቦ ከዚያ ላይ፣ የውጪውን ሹሩባ ደግሞ ከግንዱ ምላስ ላይ በይዱ። ሞኖ ጃኩ እንደ ተለመደው ነው፤ መሃለኛው ጫፍ ላይ፣ ሹሩባው ግንድ ላይ። ድምፁ በጫፉ ወጥቶ በቀለበቱ ወደ ሚክሰሩ ይመለሳል፣ በጉዞውም ለኢንተርፌሱ ያካፍላል። ጃኩ እስከ መጨረሻው ስለሚገባ በዋዛ አይወጣም።

በይዳችሁ ስትጨርሱ በቴስተር ፈትሹ። የስቴሪዮው ጫፍ፣ ቀለበቱና የሞኖው ጫፍ ሦስቱም እርስ በርስ መጮህ አለባቸው። ግንድ ከግንድ ይጮሃል። ጫፍ ከግንድ ግን ፈጽሞ መጮህ የለበትም፤ ከጮኸ ሶልደሩ ፈስሶ ነክቷል ማለት ነው። እጃችሁ ብየዳ ካልለመደ ፒያሳ አካባቢ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት። ሥዕሉን በወረቀት ሠርታችሁ ስጡት፤ እንዲህ ያለ ኬብል ተሠርቶ አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ይህን ኬብል ኢንሰርት ላይ ብቻ ተጠቀሙ። ባላንስድ በሆነ (ምልክቱን በሁለት መስመር በሚያወጣ) መውጫ ላይ ከሰካችሁት ሁለቱን የምልክት መስመሮች ያጋጫቸዋል። ደግሞም ኬብሉ ባላንስድ ስላልሆነ አጭር ይሁን፤ ከ3 ሜትር አይለፍ። የመብራት ገመድ መሻገር ካለበት ጎን ለጎን አብሮ አይሂድ፣ አቋርጦት ይለፍ። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ በፕላስተር ቁጥር ጻፉ።

ደረጃ 3፦ መብራት

ሚክሰሩን፣ ኢንተርፌሱንና ላፕቶፑን ከአንድ ሶኬት በአንድ ዲቫይደር አብሯቸው። ሦስቱ ከተለያየ ሶኬት ሲበሩ ግራውንዳቸው በሁለት መንገድ ይገናኝና “እምምም” የሚል ድምፅ ይፈጠራል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሃሙ የሚሰማው 50 ላይና በእጥፎቹ፣ በተለይ 100 ላይ ነው።

ሃም ካለ መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ከጠፋ ቀረጻውን በባትሪ ጨርሱ፣ በእረፍት ላይ ቻርጅ አድርጉ። ካልጠፋ ኬብሎቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ የትኛው ሲነቀል እንደሚያቆም አዳምጡ። ጥፋተኛው ሲገኝ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ያለው ሣጥን መሃል ላይ አስገቡ። የመሣሪያውን የኧርዝ እግር መቁረጥ ወይም በቴፕ መሸፈን ግን በፍጹም አይደረግም። ሃሙ ይጠፋ ይሆናል፤ የሚዘፍነው ሰው ከንፈር ግን ማይክ ላይ ነው፣ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የቤቱ ኧርዝ የሚያጠራጥር ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ።

መብራት መሄዱ አይቀርም፤ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁት። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሚክሰሩና ኢንተርፌሱ ግን ይጠፋሉ። ከተቻለ ሁለቱን አነስተኛ ዩፒኤስ ላይ አድርጓቸው፤ የያዛችሁትን ዘፈን ለመጨረስ ይበቃል። ዩፒኤስ ከሌለ መብራት እንደሄደ እጃችሁ መጀመሪያ ወደ ስፒከሩ ማጥፊያ ይሂድ። ሲመለስ ሚክሰሩ የሚያወጣው ድንገተኛ ምት የስፒከሩን ኮን ሊበጥስ ይችላል። መብራቱ መጥቶ ጥቂት ደቂቃ እስኪረጋጋም ምንም አታብሩ።

የማብሪያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሚክሰር፣ ኢንተርፌስ፣ ላፕቶፕ፣ በመጨረሻ ስፒከር። ስታጠፉ ስፒከሩ የመጀመሪያው ይሁን።

ደረጃ 4፦ ሶፍትዌሩን አዘጋጁ

እዚህ ሪፐር በተባለው የቀረጻ ሶፍትዌር አስረዳለሁ። ለአሮጌ ላፕቶፕ ይቀላል፣ ሙሉውን ለ60 ቀን በነጻ መሞከርም ይቻላል። ኪዩቤስ ወይም ሌላ ከለመዳችሁ ሐሳቡ ያው ነው።

ዊንዶውስ ላይ የኢንተርፌሱን የራሱን አሲዮ (ለድምፅ ሥራ የተዘጋጀ) ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። ማክ ላይ በአብዛኛው ይህ አያስፈልግም። ሪፐር ውስጥ ወደ ፕሪፈረንስ፣ ኦዲዮ፣ ዲቫይስ ግቡና አሲዮን ምረጡ። 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት በቂ ነው። 96 ላይ መሥራት ፋይሉን እጥፍ ያደርጋል እንጂ ማሲንቆውን አያሳምረውም።

አሁን በፈር የሚባለው፦ ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስኬዱ በፊት በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመው የሳምፕል (ወደ ቁጥር የተቀየረ የድምፅ ነጥብ) ብዛት ነው። ስለ መዘግየት የሚወራው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ 512 ሳምፕል በፈር ማለት ወደ 10.7 ሚሊሰከንድ ነው። ሲገባና ሲወጣ ከ21 ያልፋል። ድምፅ በአየር ላይ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ድምፃዊው ራሱን የሚሰማው ከ7 ሜትር ርቀት እንደሚመጣ ሆኖ ነው። እንዲህ ሆኖ አንጉርጉሮ መጫወት አይሞከርም። በፈሩን ወደ 64 ብታወርዱት መዘግየቱ ይቀንሳል፤ ግን አሮጌ ላፕቶፕ መንተባተብና መሰነጣጠቅ ይጀምራል።

እኛ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነን። ማድመጡ በሚክሰሩ ስለሆነ በፈሩን ያለ ሥጋት 512 ወይም 1024 ላይ አድርጉት። ላፕቶፑ ሳይጨነቅ ስምንት ትራክ ይቀርጻል። አሮጌ ሚክሰር አሮጌ ላፕቶፕን የሚያድነው እዚህ ላይ ነው።

ስምንት ትራክ ክፈቱ። እያንዳንዱን ሞኖ አድርጋችሁ ከ1 እስከ 8 መግቢያ ስጡት፣ ስሙን ጻፉበት፣ የቀረጻ ቁልፉን ቀይ አድርጉ። ቀጥሎ የሁሉንም የሪከርድ ሞኒተር ቁልፍ አጥፉ። ይህን ካላደረጋችሁ ሰዎቹ ራሳቸውን ሁለት ጊዜ ይሰማሉ፤ አንዴ ከሚክሰሩ፣ አንዴ ዘግይቶ ከኮምፒውተሩ። ድምፁ ቧንቧ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ብዙ ሰው “ሚክሰሩ ተበላሽቷል” የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮጀክቱ በየጥቂት ደቂቃው ራሱን ሴቭ እንዲያደርግም አዘጋጁት።

ደረጃ 5፦ የመመለሻ መንገድና የሄድፎን ሚክስ

የኢንተርፌሱን መውጫ 1 እና 2 በሚክሰሩ ስቴሪዮ ቻናል ላይ መልሱ። ቀድሞ የተቀረጸው የሚሰማው በዚህ ነው። በግሩፕ የምትቀርጹ ከሆነ ይህን ቻናል ወደ ግሩፖቹ አትመድቡት፤ ወደ ዋናው ብቻ። አለበለዚያ የወጣው ተመልሶ ይገባና ጩኸት ይፈጠራል፣ ወይም የድሮው ቀረጻ በአዲሱ ላይ ይደረባል።

ለሄድፎን ከፌደር በፊት የሚወጣ ኦክስ ተጠቀሙ። ሁለት ካላችሁ አንዱን ለድምፃዊ፣ አንዱን ለተጫዋቾች ስጡ። ድምፃዊ ራሱን ጎላ አድርጎ መስማት ይፈልጋል፤ ከበሮ መቺው ደግሞ ማሲንቆውን። ሪቨርብ ያለው ሚክሰር ከሆነ በሄድፎኑ ላይ ትንሽ ጨምሩበት። አይቀረጽም፣ ድምፃዊውን ግን ዘና ያደርገዋል።

ደረጃ 6፦ የሁለቱን ሜትር አስማሙ

ሚክሰሩ 0 ሲል ኮምፒውተሩ ቀይ የሚል ከሆነ አብሮ መሥራት ያስቸግራል። አንድ ጊዜ ብቻ ይህን አድርጉ። ሪፐር ውስጥ ያለውን ቶን ጀነሬተር 1 ኪሎኸርዝ፣ ከሙሉው 18 ዲቢ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ መመለሻው ስቴሪዮ ቻናል ላኩ። የሚክሰሩ ሜትር 0 እስኪያሳይ ድረስ የዚያን ቻናል ጌን አስተካክሉ። ከዚያ ያንኑ ድምፅ በአንድ የማይክ ቻናል ላይን መግቢያ አስገብታችሁ፣ ሶሎ (ያን ቻናል ለብቻው የሚያሰማው ቁልፍ) ላይ 0 እስኪመታ በጌኑ አምጡትና በኢንሰርት ወደ ኢንተርፌሱ አሳልፉት። እዚያ ስትሆኑ የሪፐር ትራክ ከሙሉው 18 ዲቢ ዝቅታ አካባቢ ማሳየት አለበት። ካላሳየ የኢንተርፌሱን ጌን አስተካክሉና ቦታውን በምልክት ያዙት። ከዚህ በኋላ የኢንተርፌሱን ጌን አትንኩ። ሥራው ሁሉ በሚክሰሩ ጌን ነው።

የኢንተርፌሱ ጌን ከሥር ሆኖም ሜትሩ ከበዛ፣ መግቢያው ላይን ሳይሆን የጊታር መግቢያ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉን እዩ። በሌላ በኩል ከሚክሰር መውጫ ወደ ኢንተርፌስ በኤክስኤልአር የምትሰኩ ከሆነ የኢንተርፌሱ 48 ቮልት ፋንተም (ለኮንደንሰር ማይክ የሚላክ ኃይል) መጥፋቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ።

ደረጃ 7፦ ቀረጻ

በ24 ቢት ስትቀርጹ ድምፁን እስከ አፍ ጢሙ መሙላት አያስፈልግም። ከፍተኛው ምት ከ12 እስከ 10 ዲቢ ዝቅታ ላይ ሲደርስ ይበቃል።

ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ በቆዳ የተሸፈነ ሣጥንና ቀስት ነው። ማይኩን ወደ ቀስቱ ካዞራችሁት ፍቅፋቄው ይበዛል። ወደ ቆዳው፣ ብርኩማው ወደሚቆምበት አካባቢ ካዞራችሁት ደግሞ ሆዱ ይሰማል። ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ራቁ። ኮንደንሰር ካላችሁ እዚህ ተጠቀሙበት። ተጫዋቹ ጮክ ያለውን ክፍል ሲጫወት ሜትሩን እያያችሁ ማይኩን በስንዝር ወዲህ ወዲያ አድርጉ። ለውጡ ከማንኛውም ኢኩላይዘር ይበልጣል።

ከበሮ ሁለት ፊት አለው። ትልቁ ፊት ወፍራሙን፣ ትንሹ ቀጭኑን ይሰጣል። ዳይናሚክ ማይክ በትልቁ በኩል አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቢቆም ይመረጣል። በጣም ከቀረበ ምቱ እንጂ ድምፁ አይመጣም። ከበሮው ማሲንቆው ማይክ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ከተቻለ በማይኮቹ መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ማይክ ከራሱ መሣሪያ ካለው ርቀት ሦስት እጥፍ ይሁን። ዋሽንት ላይ ማይኩን ከሚነፋበት አፍ ፊት ለፊት አታድርጉት። በጣቶቹ በኩል፣ ከጎን አድርጉት። ኤሌክትሪክ ክራር ከሆነ በዲአይ ቦክስ (የመሣሪያውን ምልክት ለማይክ መግቢያ በሚያስማማ ሣጥን) ይግባ።

አሁን ማንም ቀድሞ የማያስበው ነገር፦ እልልታ። ሳውንድ ቼክ ላይ ማንም እልል አይልም። ዘፈኑ ሲሞቅ ግን ይመጣል፣ ሲመጣም ከድምፃዊው ዘፈን እጅግ ይጎላል። በቼክ ሰዓት ተቀባዮቹን “እስኪ እልል በሉ” በሏቸው፤ ጭብጨባም ጨምሩ። የሁሉንም ማይክ ጌን በዚያ ለኩ። ይህን ያላደረገ ሰው የዘፈኑን ምርጥ ቦታ በቀይ መብራት ያጣዋል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ አይጠገንም።

ሰዓትም ምረጡ። ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አትያዙ፤ ዝናቡ ሲጀምር ማይኮቹ ሁሉ ዝናብ ይቀርጻሉ። ዋና መንገድ አጠገብ ያለ ቤት ባጃጁ የሚቀንስበትን ሰዓት ይጠብቅ። ከሩቅ የሚመጣውን የመኪና ጉርምርምታ የሎው ከት ቁልፉ ይቀንሰዋል። ከከበሮው ቻናል በቀር ሁሉም ላይ ተጫኑት።

ደረጃ 8፦ ተደራቢ ቀረጻ ከፈለጋችሁ የመዘግየቱን ልክ ለኩ

ዋናው ቡድን አብሮ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ዋሽንት ወይም ተቀባይ መደረብ ሊያስፈልግ ይችላል። ሶፍትዌሩ አዲሱን ትራክ በትክክለኛ ቦታው ላይ ለማስቀመጥ ከድራይቨሩ የሚነገረውን የመዘግየት መጠን ያምናል። ድራይቨሩ ደግሞ ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። ስለዚህ ለኩ።

ከኢንተርፌሱ መውጫ 3 ወደ መግቢያ 3 አንድ ኬብል በቀጥታ ስኩ። አንድ ትራክ ላይ አጭር፣ ስለታም “ቀ” የሚል ድምፅ አስቀምጡና በመውጫ 3 ብቻ እንዲወጣ አድርጉ። ሌላ ትራክ ላይ መግቢያ 3ን ቅረጹ፤ ሞኒተሩ ጠፍቶ። ሁለቱን እስከ ሳምፕል ድረስ አጉልታችሁ እዩ። አዲሱ ለምሳሌ 96 ሳምፕል ከዘገየ፣ በ48 ኪሎኸርዝ 2 ሚሊሰከንድ ነው። ይህን ቁጥር በፕሪፈረንስ፣ ኦዲዮ፣ ሪከርዲንግ ውስጥ ባለው የኢንፑት ኦፍሴት ቦታ አስገቡና ድገሙት። ልዩነቱ ከጠፋ ልክ ነው። እጥፍ ከሆነ ምልክቱን ከመደመር ወደ መቀነስ ቀይሩ። የበፈሩን መጠን ከቀየራችሁ እንደገና መለካት ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ሚክሱን የት እንሥራ?

ሁሉንም በኮምፒውተር ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ ለብዙው ሥራም ይህ ይበቃል። በሚክሰር ማለፍ ድምፅን በራሱ “ያሞቃል” የሚለውን በጭፍን አትቀበሉ። ርካሽ ሚክሰር ከሙቀቱ ይልቅ ሽውታ ይጨምራል። በእጅ ፌደር እያንቀሳቀሱ መደባለቅ ግን የራሱ ጥቅም አለው። የአዝማሪ ዘፈን ከፍ ዝቅ ይላልና፣ ግጥሙ ሲመጣ ማሲንቆውን በጣት ዝቅ ማድረግ በማውስ ከመሳል ይፈጥናል፤ ጆሮም ይመራዋል።

ይህን ከመረጣችሁ ትራኮቹን በአራት ጥንድ ሰብስቡ፦ ድምፃዊ፣ ተቀባዮች፣ ማሲንቆና ክራር፣ ከበሮ። ሪፐር ውስጥ የእያንዳንዱን ወደ ማስተር መላኪያ አጥፉና በኢንተርፌሱ የተለያየ መውጫ ላኩ። በሚክሰሩ ስምንት ላይን መግቢያ ይግቡ። የሚክሰሩን ዋና መውጫ በኢንተርፌሱ ሁለት መግቢያ መልሱና በአዲስ ስቴሪዮ ትራክ ቅረጹት። የዚህ ትራክ ሞኒተርም፣ ወደ ማስተር መላኪያውም ይጥፋ። አለበለዚያ ክብ ሆኖ ይጮኻል።

ከመጨረሳችሁ በፊት የሚክሰሩን ፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ከላይ ቀጥ ብላችሁ፣ ቁልፎቹ እንዲነበቡ። ሚክሰሩ ሴቭ የሚባል ነገር የለውም። ባለቤቱ “ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጉት” ብሎ ከሳምንት በኋላ ሲመለስ ፎቶው ይጠቅማችኋል።

አቧራና ፋይል

በጋ ላይ ሚክሰሩን በጨርቅ ሸፍኑት። ድንገት አንድ ቻናል ከጠፋ ወይም ከደከመ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ኢንሰርቱ ውስጥ ጃክ ደጋግማችሁ ሰክታችሁ ንቀሉ። ምንም ሳይሰካበት ድምፁ የሚያልፈው በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ባለች ትንሽ ምላስ ነው፤ እሷ ስትቆሽሽ ቻናሉ የሞተ ይመስላል። ካልተሻለው የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ጥቂት ይበቃል።

ፋይሉን በተመለከተ፣ በ48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋባይት ይይዛል። ስምንት ትራክ በደቂቃ 69 ሜጋባይት፣ በሰዓት ከ4 ጊጋባይት በላይ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የሃርድ ዲስኩን ቦታ እዩ። ሲያልቅ ደግሞ ሙሉውን ፎልደር በሁለት የተለያየ ዲስክ ገልብጡ፣ ከሁለተኛው ላይ ከፍታችሁ አንዱን ዘፈን አጫውቱ። ሙዚቀኞቹን የምትሸኟቸው ከዚያ በኋላ ነው።